ጥንቃቄ ዜሮ

ማክሰኞ ማለዳ ከዓሣ ማኅበሩ ስልክ ተደወለ፤
በመዝጋቢው በእንዳላማው ድምፅ ሳቅም ቁጣም አለ።
«ነይና ተመልከች፤ ያንቺ ፕሮግራም
አቶ ጫኔን አደረጋቸው ሀብታም።
ሚዛኑ ሰባት ተኩል ቀረሶ መዝኖ
መዝገቡ ላይ አደረ ሚሊዮን ሆኖ።
ትናንት ሌላ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ፤
ይኸ ሁሉ ዓሣ ካለ ጣና በምን ውኃ ይሞላ?»

ወረድኩ ወደ ዳሩ።
አዲሱ ሚዛን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያበራል፤
ግማሹን፣ ሩቡን፣ ነጥብ ቆጥሮ ይናገራል።
አሮጌው፣ ባለ መንጠቆው፣ ምስማር ላይ ዝጓል፤
እሱ ስምንት ካለ ስምንት ነው፤ ግማሽን መች ያውቃል።

ማታ ሽምብጥ፣ ከቤቴ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ሊስፑ ቅንፉን በቅንፍ እንደ መረብ ዘርግቶ፣
መስመር በመስመር ጠየቅኩት፤
ሰባት ተኩል ስለው ሰባት ተኩል አለ፤ ሦስቴ ደገምኩት።
ቀስ ብሎ ሲያነበው፣ አንድ በአንድ ሲያይ፣
ስህተት የሚባል የለም፤ እንደ ሐምሌ ፀሐይ።
ኮምፓይለሩ ግን ጠቅልሎ፣ አጥብቆ ሲያስረው
ያው ሰባት ተኩል ሚሊዮን ነው፤ ደግሜ ሳስሮጠው ሌላ ነው።

አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ዓሣ፣ ሁለት ምላስ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አገኘኋት፤
ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ ጣቴ የጻፍኳት፦

    ክብደት ሙሉ ቁጥር ነው።
    ፍጥነት ሦስት።
    ጥንቃቄ ዜሮ።

ያኔ እውነት ነበር። አውጄ ነበር፣ ኮርቼ፣
በዚያ በመንጠቆው ሚዛን ተመክቼ።
ኮምፓይለሩ ምን ያድርግ? «ማይልኝ» አላለ፤
ዋስ አልጠራ፣ ምስክር አልቆጠረ፤ ያልኩትን ተቀበለ።
በየበሩ የቆመውን ዘበኛ አሰናበተ፣
«ማን ነህ?» የሚል ጠፋና ተኩሉ ሰተት ብሎ ዘለቀ፣ ማንም አልጎተተ።

ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ ራሱ አይመጣም፤
አድራሻውን ይልካል እንጂ ከጓዳው አይወጣም።
ኮምፓይለሩ ያቺን አድራሻ እንደ ኪሎ ቆጠራት፤
የቤት ቁጥር ደምሮ ለሽማግሌው «ዓሣ ናት» አላት።
ጠራጊው ሜሞሪውን ሲያጸዳ ዕቃ ያዛውራል፤
ቤቱ በተለወጠ ቁጥር የአቶ ጫኔ ዓሣም ይቀየራል።
ሳቅሁ። ብቻዬን፣ በጨለማ፣ ሳቅሁ፤
ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። «ሚዛኑም ደህና ነው፣ ማሽኑም ደህና፤
ያሳሳተው የኔ ቃል ነው፤ አምኖኛልና።»
አቶ ጫኔ መረብ ይጠግናሉ፤ ቀና አላሉም።
ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። እንደ መሳቅም፣ እንደ ማዘንም።

«የጨረጨራ ግድብ ውኃውን ሳይዘው
ለልጄ ለደሳለው ነግሬው ነበር፦ ‹እዚህ ጋ ወገብ ድረስ ነው።›
ልጅ ነዋ፤ ያባቱን ቃል ይዞ አደገ።
አንድ ማታ፣ ነፋስ ተነሥቶ፣ ታንኳዋን ሊያቆም ፈለገ፤
መግፊያውን በሙሉ ክንዱ ሰደደው፣ ሳይፈራ፣ ሳይለካ፤
ወለል የለም።
እንጨቱን ተከትሎ ገባ።

በደንገሉ ጫፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።
ውኃውን ተፍቶ፣ ተፍቶ፣ ሲያበቃ
አልተቆጣኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦
‹አባ፣ መቼ ነበር የለካኸው?›»

መስመሯን ፋቅኋት። ጥንቃቄን ከፍ፣ ፍጥነትን ዝቅ አደረግሁ፤
መዝገቡ አሁን ለዐይን ጥቅሻ ያህል ይዘገያል።
እንዳላማው ሰባት ተኩሉን አየና ደብተሩን ዘጋ።

እኔ ግን አልዘጋሁም።
ከታች ሌላ አርባ አንድ አዋጅ አለ፣ ሁሉም በኔ እጅ፤
የአንዳንዱን ምክንያት ረስቼዋለሁ።
ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው ቅንፍ እጀምራለሁ፣
በእያንዳንዱ ፊት ቆሜ፣
መቼ ነበር የለካሁት፣ እያልኩ።